ኦንላይን ኮርስ ከሰሜን ሸዋ ሆኖ መሸጥ፦ ቴሌግራም፣ ዩዴሚ ወይስ የራስ ድረ ገጽ?

ኮርስ ለመሸጥ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ካሜራ ነው። ቀጥሎ «የትኛው ፕላትፎርም ይሻላል?» ይላል። ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚገባ የሚያስበው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቪዲዮው ተቀርጾ፣ ኤዲት ተደርጎ፣ ሎጎው ሁሉ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ። እኔ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ ባይ ነኝ። ገዢያችሁ በቴሌብር የሚከፍል ከሆነ አንድ መንገድ አለ። በዶላር የሚከፍል ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። ፕላትፎርሙን የሚመርጥላችሁ ይኸው ነው።

ከዚህ በታች የማነጻጽረው ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳ ወይም ደብረ ሲና ተቀምጦ ለሚሸጥ ሰው ነው። ነገሩ በደፈናው እንዳይሆን ሦስት ኮርሶችን በምሳሌነት ልያዝ።

አንደኛው ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ አያያዝ ሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌሩ በትውልድ አገሩ ሴጅ 50 ከተባለ ዓመታት አልፈዋል፤ እኛ ጋ ግን የሥራ ማስታወቂያውም የማሠልጠኛው ታፔላም አሁንም ፒችትሪ ነው የሚለው። ገዢው ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቆ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ወይም ከከተማው ፋብሪካዎች አንዱ ጋ ለመቀጠር ሲቪ ይዞ የሚዞር ልጅ ነው። ስልክ አለው፣ ቴሌብር አለው፣ ብሩ ግን ቆንጠር ያለ ነው።

ሁለተኛው ውጭ አገር ለሚያድጉ ልጆች ፊደልና ንባብ ማስተማር ነው። ተማሪው የሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ ገዢዋ ግን እናቱ ናት። ቨርጂኒያ ወይም ሪያድ ትኖራለች።

ሦስተኛው የመንዝ በግ ማድለብ ነው። ይህን ቶሎ ልጨርሰው። መንዝ ላይ ያለ ገበሬን «በግ ማድለብ በቪዲዮ ላስተምርህ፣ ክፈል» ብትሉት ይስቅባችኋል። እውነቱን ነው። የግብርና ባለሙያው በነጻ ይነግረዋል፤ አባቱ ደግሞ ከባለሙያው በፊት ነግሮታል። ይህን ኮርስ የሚፈልገው አዲስ አበባ ተቀምጦ «ለፋሲካ አድልቤ ልሽጥ» የሚል ሰው ነው። እሱ ደግሞ ቪዲዮ አይበቃውም። ስለ መኖ ዋጋ፣ ስለ ክትባት፣ በግ መርጦ ስለሚገዛለት ሰው መጠየቅ ይፈልጋል። የሚገዛው ምክር ነው። ቪዲዮ ከመቅረጽ በሰዓት እያስከፈላችሁ በስልክ አማክሩት፤ አልፈልግም ካላለ ወርዳችሁ አሳዩት። ይህ ኮርስ መሆን የለበትም።

ቴሌግራም

ለፒችትሪው ኮርስ ቴሌግራም ያሸንፋል፤ ብዙም አያከራክርም። አፑ ተማሪው ስልክ ላይ አለ። እስከ 2 ጊጋ የሚመዝን ፋይል በነጻ ይጫናል። የግል ቻናል ከፍታችሁ ሰው የሚገባው በጥያቄ ብቻ እንዲሆን ማድረግ ትችላላችሁ፤ ሊንኩ በማንም እጅ ቢገባ እናንተ ካላጸደቃችሁ አያስገባም። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ፎርዋርድና ሴቭ ማድረግን የሚከለክል ምርጫ አለው። አብሩት፣ ግን አትመኩበት። ሌላ ስልክ ደግኖ ስክሪኑን የሚቀርጽ አይጠፋም። ሊሰረቅ የማይችለው እናንተ የምታርሙት የቤት ሥራ ነው። ስለዚህ ዋጋውን ያስከፈላችሁበት ነገር ቪዲዮው ላይ ብቻ እንዳይቀር፤ በየሳምንቱ የሚታረም ሥራ ይኑረው።

የቴሌግራም ራስ ምታት ክፍያ ማረጋገጡ ነው። ተማሪው ብሩን ልኮ ስክሪንሾት ይልካል። ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም። የውሸት ደረሰኝ መሥራት አሁን የልጅ ጨዋታ ሆኗል፤ የወዳጁን ደረሰኝ ስሙን ቀይሮ የሚልክም አለ። በንግድ ባንክ ከከፈለ በኤፍቲ የሚጀምረውን የግብይት ቁጥር በጽሑፍ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። ከዚያ የራሳችሁን ሞባይል ባንኪንግ ከፍታችሁ ቁጥሩን፣ መጠኑንና ሰዓቱን አመሳክሩ። በቴሌብር ከሆነ ከ127 የመጣ መልእክት ስልካችሁ ላይ መኖሩን እዩ። «ብር ተልኮልዎታል» የሚል ጽሑፍ ከተራ ስልክ ቁጥር ከመጣ ብር አልመጣም። ከሁሉም በላይ ግን አካውንቱ ውስጥ ያለው ቀሪ ሒሳብ መጨመሩን ማየት ነው።

አንድ ሠንጠረዥም ይኑራችሁ፦ ስም፣ ስልክ፣ የግብይት ቁጥር፣ ቀን። አንድ የግብይት ቁጥር ለሁለት ሰው ሲመጣ የሚያጋልጠው እሱ ነው። ተማሪው ሰላሳ ሲሆን ይህ ሥራ አንድ ምሽት ይበቃዋል። ሦስት መቶ ሲሆን ግን ሰው መቅጠር ወይም ወደ ድረ ገጽ መሄድ የግድ ነው። ወደዚያ እንመጣለን።

ዳታ የሚባል ክፍያ

ተማሪው ለእናንተ ብቻ አይከፍልም። ለዳታም ይከፍላል። ብዙ አስተማሪ ይህን ይረሳዋል። ሒሳቡ ቀላል ነው። በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚበላ ጥራት የተቀረጸ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ 2.25 ጊጋ ገደማ ይመዝናል፤ የቴሌግራምን ነጻ ገደብ ራሱ ያልፋል። ያንኑ ትምህርት በሰከንድ 500 ኪሎቢት አድርጋችሁ ብትጨምቁት 225 ሜጋ ይሆናል። በድምፅ ብቻ፣ በ64 ኪሎቢት ብታደርጉት 29 ሜጋ ገደማ ነው።

ፒችትሪ በድምፅ ብቻ አይማሩትም፤ ስክሪኑ መታየት አለበት። ግን ስክሪን ስትቀርጹ ፊታችሁ ጥግ ላይ መታየቱ ምን ይጠቅማል? ፋይሉን ያከብደዋል እንጂ። ስለ ዴቢትና ክሬዲት የምታወሩበትን ክፍል በድምፅና በፒዲኤፍ ስጡ። ቪዲዮውን አይጥ ለምትጫኑበት ቦታ ብቻ አስቀሩት። ደግሞም እያንዳንዱ ቪዲዮ ከአሥር ደቂቃ አይብለጥ፤ ኔትወርክ ሲቆራረጥ አጭሩ ፋይል ቶሎ ይወርዳል።

ሌላም ነገር አለ። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። እዚህ አካባቢ ኮርስ የሚሸጥ ሰው ይህን ከዕቅዱ ውጭ ሊያደርገው አይችልም። የተማሪዎቻችሁን ስልክ ቁጥር ከቴሌግራም ውጭ ጻፉት። ቪዲዮዎቹ በፍላሽ ወይም በሚሞሪ ካርድ ሊሰጡ በሚችሉበት መልክ ይቀመጡ። ሲሸጡም «ኔትወርክ ከጠፋ ጊዜው ይራዘማል» የሚል አንድ መስመር ከመጀመሪያው ይግባበት።

በቀጥታ ለማስተማር ዙም በነጻ 40 ደቂቃ ብቻ ይሰጣል። ጉግል ሚት ከሁለት ሰው በላይ ሲሆን 60 ደቂቃ። የቴሌግራም ላይቭ እንዲህ ያለ የሰዓት ገደብ የለውም፤ ድምፅ ብቻ ሆኖ ሲካሄድም ብዙ ዳታ አይፈጅም። ሳምንታዊውን የጥያቄና መልስ ፕሮግራም እዚያ ላይ አድርጉት። ክረምት ላይ ግን ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሆናችሁ ከሰዓት በኋላ ላይቭ አትጥሩ። ዝናቡ ያስተምራል እንጂ እናንተ አትሰሙም።

ዩዴሚ

ዩዴሚ ከዓለም ዙሪያ ያሉ አስተማሪዎች ኮርስ የሚሸጡበት ድረ ገጽ ነው፤ ስሙም ትልቅ ነው። ለአማርኛ ኮርስ ግን አልመክረውም። ለምን እንደሆነ በቁጥር ልናገር።

ተማሪው በራሳችሁ ሊንክ ከገዛ ከሽያጩ 97 በመቶው የእናንተ ነው። ዩዴሚ ራሱ ፈልጎ ካመጣላችሁ 37 በመቶ ነው። ዩዴሚ ላይ ቅናሽ የማያልቅ ነገር ነው፤ ትልቅ ዋጋ የተለጠፈበት ኮርስ በአሥራ ምናምን ዶላር ሲሸጥ ታያላችሁ። እንበል በ12 ዶላር ተሸጠ። ዩዴሚ ባመጣው ገዢ 4.44 ዶላር ይደርሳችኋል፤ እናንተ ባመጣችሁት 11.64። ገዢውን የምታመጡት እናንተው ከሆናችሁ ደግሞ ዩዴሚ ምን አደረገላችሁ? አማርኛ የሚፈልግ ሰው ዩዴሚ ላይ ገብቶ አይፈልግም። ቲክቶክ ላይ ነው ያለው።

ገንዘቡን ማውጣቱም አለ። ዩዴሚ ለውጭ አገር አስተማሪ የሚከፍለው በኦንላይን ገንዘብ ማስተላለፊያዎቹ በፔይፓል ወይም በፔይኦኒር ነው። ፔይፓል ኢትዮጵያ ውስጥ ተከፍቶ ገንዘብ ለመቀበል አይሆንም። ስለዚህ የሚቀረው ፔይኦኒር ነው፤ ብዙ የአገራችን ፍሪላንሰርም የሚሠራው በዚያው ነው። ገዢው በ30 ቀን ውስጥ ገንዘቡን ማስመለስ ስለሚችል ክፍያው ወዲያው እጃችሁ አይገባም። የፒችትሪው ተማሪ ደግሞ በመጀመሪያም የዶላር ካርድ የለውም። ስለዚህ ለእሱ ዩዴሚ የተዘጋ በር ነው።

ዩዴሚ የሚያዋጣው በእንግሊዝኛ የሚያስተምር፣ ዓለም ሁሉ የሚፈልገውን ነገር የሚያውቅ ሰው ነው። ያም ቢሆን ኤክሴልን ይዞ መግባት ከሺዎች ጋር መጋፋት ነው። ጠባብ ነገር ያዙ። ዝቅተኛው መስፈርት 30 ደቂቃ ቪዲዮና አምስት ትምህርት ነው፤ ለመሞከር አይከብድም።

የራስ ድረ ገጽ

ይህ ቆንጆ ነው፣ ግን ለሁለተኛ ዓመት። ድረ ገጹ ላይ እንደ ቻፓ ያለ የአገር ውስጥ ክፍያ አገልግሎት ካስገባችሁ ተማሪው በቴሌብርም በባንክም ይከፍላል፤ ሲስተሙ ራሱ አረጋግጦ ያስገባዋል። የኤፍቲ ቁጥር እያመሳከሩ ማምሸት ይቀራል። ኮርሱን የሚያስቀምጥ ሶፍትዌርም ሙድልን የመሰለ ነጻ ነገር አለ።

ዋጋው ሌላ ቦታ ነው ያለው። ለክፍያ አገልግሎቱ የንግድ ፈቃድና ቲን ያስፈልጋችኋል። ሆስቲንግና ዶሜይን ውጭ ከገዛችሁ በዶላር ይከፈላል። ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው ይፈለጋል፤ «አሁን እመጣለሁ» ብሎ ስልኩን የሚያጠፋው የድረ ገጽ ሠሪ ቀልድ አይደለም። ቲቸብልን የመሳሰሉት ዝግጁ የውጭ ፕላትፎርሞች ደግሞ የሚሠሩት ስትራይፕ በሚባለው የካርድ ክፍያ አገልግሎትና በፔይፓል ነው። ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ንግድ አካውንት አይከፍትም። ሠርተው የሚያሳዩአችሁ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ውጭ ያለ ዘመድ አላቸው።

ስለዚህ ሁለት ዙር በቴሌግራም ሳትሸጡ ድረ ገጽ አታሠሩ። ሁለት ዙር ከሸጣችሁ በኋላ ምን እንደምትፈልጉ ለሠሪው መንገር ትችላላችሁ። ከዚያ በፊት የምታዩት እሱ የሚያሳያችሁን ነው።

ከማሠልጠኛ ወይም ከትልቅ ቻናል ጋር መጋራት

አራተኛው መንገድ ብዙ ጊዜ በውይይት ላይ አይነሳም። ተከታይ ያለው ቻናል ወይም ከተማው ውስጥ ያለ ማሠልጠኛ ኮርሳችሁን ሸጦ ይካፈላችኋል። ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ ገዢ ፍለጋው ይቀንሳል። ግማሽ በግማሽ ቢሏችሁ አትደንግጡ። ገዢ ከሌላችሁ ሙሉውም ዜሮ ነው።

ከመቶኛው ይልቅ መከራከር ያለባችሁ በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ክፍያው በማን አካውንት ይገባል? በእነሱ ከሆነ የተመዝጋቢውን ዝርዝር በየቀኑ ማየት አለባችሁ። ሁለተኛ፣ ዙሩ ሲያልቅ ቪዲዮው የማን ነው? በጽሑፍ ካልተቀመጠ በሚቀጥለው ዓመት ድምፃችሁን ሌላ ቦታ ትሰሙታላችሁ። በጓደኝነት ነው ብላችሁ አትለፉት። አንድ ገጽ ወረቀት፣ ሁለት ፊርማ፣ ሁለት ምስክር።

ገዢውን የት ታገኙታላችሁ?

ቲክቶክ ሰው ያሳያል፣ ቴሌግራም ይሸጣል። አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ሠርታችሁ ሰውን ወደ ነጻው ቻናላችሁ አምጡ፤ ሽያጩ እዚያ ይካሄዳል። ፌስቡክ ላይ ቡስት ማድረግ ካርድ ይፈልጋል። በብር ተቀብለው ቡስት የሚያደርጉ ልጆች አሉ፤ ከእነሱ ጋር ስትሠሩ ማስታወቂያው በስንት ሰው ታየ የሚለውን የራሱን የፌስቡክን ሪፖርት ጠይቁ፤ ወሬውን አትቀበሉ።

ለፒችትሪው ግን ከሁሉም በላይ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያሉትን ኮፒ ቤቶች እመርጣለሁ። የምረቃ ጽሑፉን የሚያስጠርዝ፣ ሲቪውን የሚያባዛ ሁሉ እዚያ ይቆማል። ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት በኪውአር ኮድ ለጥፉ፤ ለባለቤቱም በላከው ተማሪ ልክ ትንሽ ኮሚሽን ስጡት። ኮሚሽኑን ሲያይ ወረቀቱን ማንም እንዳይሸፍንበት ራሱ ይጠብቅላችኋል።

የምትጽፉት ነገርም ለውጥ አለው። «ፒችትሪ ኮርስ ጀምረናል፣ ቦታው ውስን ነው፣ ፍጠኑ!» የሚለውን ሁሉም ይለጥፋል። ይህን አወዳድሩት፦ «በሦስተኛው ሳምንት የሃያ ሠራተኛ ፔይሮል ራሳችሁ ትሠራላችሁ። የሥራ ግብር፣ የሠራተኛው 7 በመቶ፣ የአሠሪው 11 በመቶ ጡረታ፣ ሁሉም በቦታው። ፋይሉን ለቃለ መጠይቅ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።» ሁለተኛው ረዘም ይላል። ግን ቃለ መጠይቅ ላይ «ፔይሮል ሠርተህ ታውቃለህ?» ተብሎ ዝም ያለ ልጅ እሱን ነው የሚያነበው።

ነጻ ትምህርት ስጡ። በግ ገዢ ወገቡንና ላቱን ሳይዳብስ ዋጋ አይጠራም፤ የኮርስ ገዢም እንደዚያው ነው። ግን የምታስዳብሱት መግቢያውን አይሁን። «ፒችትሪ ምንድን ነው» የሚል ቪዲዮ ማንንም አያስገዛም። መሐል ላይ ያለውን፣ ምርጡን፣ በራሱ የሚቆም አንድ ትምህርት በነጻ ልቀቁት።

ጊዜውም አለ። የመውጫ ፈተና ከ2015 ጀምሮ ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ግዴታ ሆኗል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። አካውንቲንግ የምታውቁ ከሆነ ከፒችትሪ ይልቅ የመውጫ ፈተና ክለሳ ቶሎ ይሸጣል። ቀን የተቆረጠለት ችግር ነውና ተማሪው «በኋላ እመዘገባለሁ» አይልም። ፒችትሪውን ፈተናው ካለፈ በኋላ፣ ለዚያው ተማሪ፣ ሥራ ፍለጋ ሲጀምር አቅርቡለት።

«ሰርተፍኬት አለው?»

ይህ ጥያቄ ከዋጋ ቀጥሎ ይመጣል፤ አንዳንዴም ይቀድማል። ስጡ፣ ግን የተሳትፎ ማስረጃ መሆኑን ሳትደብቁ። «እውቅና ያለው» የሚል ቃል ፈቃድ ሳይኖራችሁ አትጻፉ። የሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ምዘናን የሚተካ አለመሆኑንም ከመክፈሉ በፊት ንገሩት። ይህን ሲሰማ የሚሄድ ገዢ ይኖራል፤ ከፍሎ ቆይቶ ሲያውቅ ግሩፑ ውስጥ ከሚጮህ ግን አሁን ቢሄድ ይሻላል።

ዋጋና ደረሰኝ

ሰላሳ ተማሪ በ800 ብር 24,000 ብር ነው። ስድሳ ተማሪ በ400 ብርም ያው 24,000 ነው፤ ግን የሚታረመው የቤት ሥራ እጥፍ ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመቀነስ በሁለት ጊዜ እንዲከፍሉ ማድረግ ይሻላል፤ ግማሹ ሲገቡ፣ ግማሹ በሁለተኛው ሳምንት። ገንዘብ መመለስን በተመለከተ ግልጽ መስመር ጻፉ፤ ለምሳሌ «በመጀመሪያው ሳምንት ያልወደደ ይመለስለታል»። የሚጠይቀው ሰው ከምትፈሩት ያነሰ ነው።

ግብሩን አትርሱት። ገቢው ቋሚ መሆን ሲጀምር ወደ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ምን ውስጥ እንደምትመደቡ ጠይቁ። በግል አካውንት ብዙ ሰው ብር ሲያስገባ ባንኩም መጠየቁ አይቀርም።

የቨርጂኒያዋ እናት

እሷን ለብቻዋ ያቆየኋት በሁሉም ነገር ስለምትለይ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ የተቀረጸ ቪዲዮ ብቻውን ቁጭ ብሎ አያይም። ስለዚህ ዩዴሚም፣ የቴሌግራም ቻናልም አይሆኑም። የሚሆነው ቀጥታ ክፍል ነው፤ አራት ወይም አምስት ልጅ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከዙም ነጻ 40 ደቂቃ ሳያልፍ። ለልጅ 40 ደቂቃ ራሱ ብዙ ነው። ክፍያውን በኮርስ ሳይሆን በወር አድርጉት።

ገንዘቡ በፔይኦኒር ወይም ባንክ ለባንክ በሐዋላ ሊመጣ ይችላል። የምንዛሬ ተመኑ ከሐምሌ 22፣ 2016 ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በባንክ መቀበል እንደ ድሮው አያስቆጭም። እዚህ ያለች እህቷ በብር ትክፈልልኝ ካለችም ጥሩ ነው፤ ደረሰኙ ላይ የልጁ ስም ይጻፍ። ማስታወቂያችሁን ቲክቶክ ላይ አትድከሙበት። የቨርጂኒያዎቹ እናቶች የሚገኙት በየቤተ ክርስቲያኑ የሰንበት ትምህርት ቤት ቫይበርና ዋትስአፕ ግሩፕ ነው። አንዲት እናት ከወደደች አምስት ታመጣለች። የመጀመሪያውን ወር ለእሷ በነጻ አድርጉት።

ሰዓቱን ቀድማችሁ አስተካክሉ። እዚህ ቅዳሜ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ቨርጂኒያ በበጋቸው ከቀኑ ሰባት ነው፤ በክረምታቸው ስድስት። ሪያድ ግን ሰዓቷ ከእኛ ጋር እኩል ነው፤ እዚያ ላለ ልጅ ምሽት ሁለት መኝታው ነው። ሁለቱን በአንድ ክፍል አትቀላቅሉ። የሪያዶቹን ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ፣ የቨርጂኒያዎቹን ማታ ያዙ። ሰዓቱን ስትጽፉም የምትጽፉት በእናትየዋ አቆጣጠር ይሁን፤ «ሁለት ሰዓት» ብላችሁ በእኛው ከጻፋችሁ ልጇን ይዛ ስክሪን ላይ የምትቀመጠው ክፍሉ ካለቀ በኋላ ነው።